አምስት ቀን ፈቃድ ከአንድ ጆንያ ጋር

መምህር ክረምት ሦስት ወር ያርፋል የሚባል ወሬ አለ። ወሬውን ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ጅማ ውስጥ በብዛት ያሰራጨሁት ግን እኔ ነኝ።

የምሠራው ሄርማታ፣ ገበያው አጠገብ፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ባርጩማ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። የማርፈው አርብ ከጁምዓ በኋላ ብቻ ነው፤ እሱንም አሠሪዬ የረሳ ጊዜ። ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ ነስሩ በሰኔ መጨረሻ ከሚያስተምርበት ከተማ ሻንጣውን ይዞ በመጣ ቁጥር፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «መጣ ባለ ሦስት ወሩ» እለው ነበር። እሱ አይመልስልኝም። መምህር ስለሆነ ለሰነፍ ትዕግሥት ነበረው።

ነበረው እያልኩ የምጽፈው ስለሞተ ነው። አላህ ይርሐመው። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት አንባቢ እየሳቀ ሄዶ መሀል ላይ እንዳይደነግጥብኝ ነው። እኔ ደንግጫለሁ፤ አንድ ሰው ይበቃል።

ሌላም አስቀድሜ የምናገረው አለኝ። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ጽሑፍ ስጀምር የት እንደማቆም አላውቅም፤ ካቆምኩ ደግሞ የት እንደምጀምር ይጠፋኛል። ነስሩ ቢኖር በቀይ እስክሪብቶ ያስተካክልልኝ ነበር። አሁን እንደወጣ ይውጣ።

ወደ ሦስት ወሩ ልመለስ። አንድ ክረምት፣ ላሸንፈው ብዬ፣ የሚያርፍበትን ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ሐምሌ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲማር አለቀ፤ የክረምት ተማሪ ነበር። ያ እንዳለቀ ችግኝ ተከላ ተጠራ። ከችግኙ ሲመለስ ለተማሪ ምዝገባ ቤት ለቤት ቀስቅሱ ተባሉና፣ በነሐሴ ጭቃ፣ የሰው ቦቲ ጫማ ተውሶ፣ ከገጠር ቀበሌ ገጠር ቀበሌ ዞረ። በአንድ መንደር ውሻ አባሮት ቡና ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ እዚያው ላይ ሆኖ ሁለት ልጅ መዝግቦ መጣ። ጳጉሜ ላይ ስብሰባ ነበረ። ቆጥሬ ስጨርስ ያረፈው ሁለት ቀን ነው፤ እሱንም ጥርሱን አሞት ነው። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። ለእሱም አልነገርኩትም። በሚቀጥለው ሰኔ ሲመጣ እንደ ልማዴ «መጣ ባለ ሦስት ወሩ» አልኩት።

ስለ ደሞዙ ብዙ አልናገርም፤ እሱም አይናገርም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ ተማሪው መናኸሪያ አገኘውና በአዲስ ሞተር እስከ በራችን ሸኘው። እማዬ በመስኮት አይታ ኖሮ፣

«ምን ይሠራል ልጁ?» አለችው።

«ቡና ይነግዳል።»

«ጎበዝ ተማሪ ነበር?»

«በባዮሎጂ አልነበረም» አለ ነስሩ። ሻዩን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ፉት አለ። «ግን ሞተሩን ቀስ አድርጎ ነው የሚነዳው። እሱን ከእኔ የተማረው ይመስለኛል።»

ስለ ደሞዝ የተወያየነው ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ጆንያው ልምጣ። ሌላ መምህር የፈተና ወረቀት በቦርሳ ይይዛል። ነስሩም ቦርሳ ነበረው። ነገር ግን የሚያስተምረው ስድስት ክፍል ነው፤ በየክፍሉ ከስልሳ በላይ ተማሪ አለ። ቦርሳው ሁለት ክፍል ከዋጠ በኋላ ዚፑ ተበጠሰ። ከተማዋ ደግሞ ከሊሙ ገነት ወዲያ ያለች ትንሽ የቡና ከተማ ናት፤ እዚያ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ ቢኖር ጆንያ ነው። አንዱን ከቡና ነጋዴ ለመነ፣ አራገፈ፣ ስድስቱንም ክፍል በየጥቅሉ አስሮ ከተተበት፣ አፉን በሰማያዊ ገመድ ቋጠረው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ፈተና ባለፈ ቅዳሜ ሁሉ ቤታችን ሁለት እንግዳ ይመጣል፤ ነስሩና ጆንያው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጆንያው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ይገለበጣል። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ ግን በየወረቀቱ ራስ ላይ ያለውን የክፍል ፊደል እንደ ምልክት ይዛ ወረቀት ትለያለች። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትለቅም የኖረች ስለሆነች እጇ ፈጣን ነው። የተጨማደደ ወረቀት ካገኘች እንደ ተበላሸ ፍሬ ለብቻ ታስቀምጣለች። «እማዬ፣ እሱም ልጅ ነው፣ መልሺው» ይላታል ነስሩ። እሷም እያጉረመረመች በእጇ ዳብሳ አለስልሳ ትመልሰዋለች።

ነስሩ አርሞ ሲጨርስ የእኔ ሥራ ይጀምራል። እኔ ስምና ማርክ እጠራለሁ፣ እሱ ሮስተሩ ላይ ይጽፋል። ሮስተር የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ስም ተደርድሮ ውጤቱ የሚሞላበት ሰፊ ወረቀት ነው። በእኛ አገር የአባት ስም ብዙ ጊዜ በአባ ይጀምራል፤ አባ ፊጣ፣ አባ ዱራ፣ አባ ቡልጉ፣ አባ መጫ። አርባ አባ በተከታታይ የጠራ ሰው ምላሱ ይተሳሰራል። አንድ ቅዳሜ ሰልችቶኝ፣ ኳስ ሊጀመር ነው ብዬ ስቻኮል፣ የአንዱን ማርክ ለሌላው ጠራሁ። ነስሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣

«ነጂብ ሰማንያ ሁለት አያመጣም። መልሰህ እየው» አለኝ።

አየሁት። ሃያ ስምንት ነው ያመጣው። ወደ አራት መቶ ከሚጠጉ ልጆች ማን ምን እንደሚያመጣ ያውቅ ነበር። የእኔን ግን አያውቅም። «አሥራ ሁለተኛ ታልፋለህ» ብሎኝ ነበር። አላለፍኩም። የተሳሳተው በእኔ ብቻ ነው እያልኩ ለብዙ ጊዜ ኮርቼበታለሁ።

ባለፈው ጥር፣ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና እንዳለቀ፣ ታሞ መጣ። አምስት ቀን ፈቃድ ተሰጥቶታል። ከሚኒባሱ ሲወርድ ጋቢ ለብሶ ነበር፤ ፀሐይዋ ጠርራ እሱ ይንቀጠቀጣል። ጆንያውን ከጣሪያው ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ።

«ለመታመም ነው ወይስ ለማረም የመጣኸው?» አልኩት።

«አምስት ቀን አለኝ። ሁለቱንም እደርስበታለሁ» አለ።

አምስቱን ክፍል ትምህርት ቤት እያለ አርሞ፣ ሮስተራቸውን ሞልቶ፣ እዚያው ጆንያ ውስጥ ከትቶት ነበር። የቀረው ናይን ኤፍ የሚባለው የዘጠነኛ ክፍል ነው። እሱን አልጋ ላይ ሆኖ፣ ትራስ ተደግፎ፣ እያሳለ አረመው። እማዬ «ተወው» አለችው። እኔም «ተወው» አልኩት። «ጥቂት ነው የቀረኝ» አለ። የመጨረሻውን ወረቀት አርሞ እስክሪብቶውን ከደነ። ሮስተሩን «ነገ ትጠራልኛለህ» አለኝ። ነገ ሆስፒታል ነበርን። ሳንባው ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም፤ አልችልበትም።

የለቅሶው ተዝያ አልቆ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሰው ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ስልክ ተደወለ። የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር ኦቦ ጣሃ ናቸው። ቀብሩ ላይ ነበሩ፤ አፈር ሲመልሱ አይቻቸዋለሁ። እናቴን ጠየቁ፣ እኔን ጠየቁ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ጤንነት ጠየቁ። 

«እንዴት ብዬ እንደምጠይቅህ አላውቅም» አሉ።

«ጆንያውን ነው?»

«ጆንያውን ነው።»

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ተጀምሯል። አርብ ለተማሪዎች ካርድ ይሰጣል። የባዮሎጂ ውጤት ካልገባ ስድስቱም ክፍል እንደገና ሊፈተን ነው። ይህን ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ወንድሜ ከተቀበረ ስንት ቀኑ ነው። «እናያለን» ብዬ ዘጋሁባቸው። በሕይወቴ ከሃምሳ ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ ስልክ ስዘጋ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እማዬ ሰምታ ነበር። ተነስታ ጆንያውን ከነስሩ አልጋ ሥር ጎትታ አወጣችው።

«አማና ነው» አለች፤ አደራ ማለቷ ነው። «ነስሩ የሰው ልጆችን ውጤት ይዞ ሞተ እንዳይባል። ነገ ውሰደው።»

እኔም ያኔ ገባኝ። ስሙ ያለው እዚያ ጆንያ ውስጥ ነው። ካርዱ ሳይደርስ ቢቀር፣ ልጆቹ የሚያስታውሱት ስለ ሴል ያስተማራቸውን ሳይሆን ሁለት ጊዜ ያስፈተናቸውን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ጆንያውን ወደ ጣሪያው ሲወረውር «ቀስ» አልኩት። «ምን አለው፣ እንቁላል?» አለኝ። «አራት መቶ ልጅ አለው» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ በመስታወት እየሰረቀ ሲያየኝ ነበር።

መንገዱን ሙሉ ለኦቦ ጣሃ የምናገረውን አዘጋጀሁ። ጥሩ ንግግር ነበር። «እርስዎ ለታመመ ሰው አምስት ቀን ከጆንያ ጋር ይሰጣሉ?» ብዬ እጀምራለሁ። መሀሉ ላይ «እናቴ» የሚል አለበት። መጨረሻውን ሳልጨርስ ኬላ ደረስን።

ኬላው ያለ ፈቃድ የሚጓዝ ቡና የሚያዝበት ነው። ፈታሹ ልጅ ነው፣ አዲስ ይመስላል፤ ጫማው ያብረቀርቃል። በእጁ ጆንያ የሚወጉበትን ሹል ብረት ይዟል። ብረቱ መሀሉ ክፍት ነው፤ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ጥቂት ቡና በውስጡ ይዞ ይወጣል። ጣሪያው ላይ ያለውን አየና ጠየቀ። ባለቤቱ እኔ መሆኔን ረዳቱ በአገጩ ጠቆመው፤ ደስ ብሎት ነው።

«ማል ቀብዳ?» አለኝ። ምን ይዘሃል ማለቱ ነው።

«ወረቀት።»

«በጆንያ?»

«አዎ።»

«ከየት ወዴት?»

«ከጅማ ወደ ሊሙ ገነት። ከሊሙም ወዲያ።»

ይህን ባልናገር ይሻል ነበር። ልጁ ቡና ከሊሙ ወደ ጅማ ተደብቆ ሲሄድ አይቷል። ከጅማ ወደ ሊሙ ተደብቆ የሚሄድ ግን አላየም። ዓይኑ ጠበበ።

«ይሄኛው አዲስ ዘዴ ነው» አለ ለራሱ።

«ዘዴ አይደለም፣ የፈተና ወረቀት ነው።»

«ክፈተው።»

ረዳቱ ጆንያውን አወረደው። ገመዱን እማዬ ነች የቋጠረችው። እማዬ የቋጠረችውን የፈታ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። በጥፍሬ ታገልኩ፣ በጥርሴ ሞከርኩ። ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ቡናውን ስጣቸውና እንሂድ ልጄ፣ ገበያ ይበተንብኛል» ይላሉ። እኔ እዚያ ላይ ጭራሽ፣

«ብቻ አትውጋው፣ ማሎ። በጣም ውድ ነገር ነው ያለበት» አልኩት።

ማሎ እባክህ ነው። ልመናው ልክ ነበር። ውድ የሚለው ነው ያበላሸው። ልጁ ከዚያ በላይ አልጠበቀም፤ ወጋው።

ብረቱ እስከ እጀታው ገባ። ወደ መዳፉ ገልብጦ እንደ ልማዱ አሸተተው። ከብረቱ የወጣው ክብ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ወረቀት ነው፤ እንደ ሳንቲም የተደራረበ። አንዱን አንስቶ በብርሃን አየው። በቀይ የተጻፈ ቁጥር አለበት።

«ሠላሳ ስምንት» ብሎ አነበበ። ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የአንድ ልጅ ማርክ ነው» አልኩት። 

በዚህ መሀል ከኬላው ጎጆ አንድ ሸምገል ያሉ ፈታሽ ወጡ። ጆንያውን አዩ፤ ሰማያዊውን ገመድ አዩ።

«ይሄ የባርሲሳው ጆንያ አይደለም?» አሉ። በእኛ አገር መምህርን ባርሲሳ እንላለን። «ቅዳሜ ወደዚያ፣ ሰኞ ወደዚህ ያልፍ ነበር። ራሱስ የት አለ?»

«ሞተ» አልኩ። «ወንድሙ ነኝ።»

ሰውዬው ሹሉን ብረት ከልጁ እጅ ተቀበሉና ከጀርባቸው ደበቁት። ለምን እንደደበቁት አላውቅም። ቆባቸውን አወለቁ፣ ዱዓ አደረጉ፣ መልሰው አጠለቁ።

«እኛ እንኳ በፈረቃ ነው የምንሠራው» አሉ። «እሱ ሲሄድም ከጆንያው ጋር ነው፣ ሲመለስም ከጆንያው ጋር ነው። ባርሲሳ፣ መቼ ነው የምታወርደው እያልን እንስቅበት ነበር።»

ጆንያውን ራሳቸው ተሸክመው ጣሪያው ላይ ሰቀሉት። ልጁ ያን ክብ ወረቀት ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት በመዳፉ ይዞት ቀረ። ከኋላ የተቀመጡት እናት ከዚያ በኋላ ስለ ገበያው አልተናገሩም፤ ግማሽ ሙዝ ሰጡኝ።

ሊሙ ገነት ወርጄ በባጃጅ ትንሿ ከተማ ደረስኩ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ኦቦ ጣሃን ፈለግኩ። ቢሯቸው ዝግ ነው። «የት አሉ?» ብዬ ዘበኛውን ብጠይቀው «በየትኛው ክፍለ ጊዜ ነው የምትፈልጋቸው?» አለኝ። እሳቸው ለካ የነስሩን ክፍል ተከፋፍለው ከያዙት አንዱ ናቸው። ቀድሞም ጂኦግራፊ ያስተምራሉ። አሁን ሁለት ክፍል ጎን ለጎን አድርገው፣ በአንዱ ጽፈው «ገልብጡ» ይሉና ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ያገኘኋቸው በሁለቱ በር መሀል ነው። የኮታቸው የላይ ኪስ ሦስት ጠመኔ አለበት፤ በአንድ እጃቸው የተገመሰ ዳቦ ይዘዋል። ምሳቸው መሆኑ ነው።

ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ንግግሬን ጀመርኩ።

«እርስዎ ለታመመ ሰው አምስት ቀን ከጆንያ ጋር ይሰጣሉ?»

ከዚያ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ጠፋኝ። መንገድ ላይ ስንት ጊዜ የደገምኩት ነው። ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው ጠበቁኝ፤ መምህር ስለሆኑ የጠፋው ሰው ሲያስብ መጠበቅ ያውቃሉ። እንደማልጨርስ ሲያዩ ዳቦውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

«ተወው አላልኩትም» አሉ። «ልዋሽህ አልችልም። ተወው ብዬ ለማን እሰጠዋለሁ? እሱም ያንን ስለሚያውቅ ነው የወሰደው።»

ከአንደኛው ክፍል «ቲቸር፣ ገልብጠናል» የሚል ድምፅ መጣ። ከሌላው ሳቅ መጣ። የተዘጋጀሁበት ንዴት ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። እሳቸው ላይ እንዳላሳርፈው እሳቸውም ጆንያ ተሸክመዋል።

ከዚያ ጥቅሎቹን ከፍተን አየን። አምስቱ ክፍል ሙሉ ነው። ናይን ኤፍ ግን ሮስተሩ ባዶ ነው። የኬላው ብረትም የገባው በእሱ ጥቅል ላይ ነው፤ ከላይ ያሉት ሃያ ያህል ወረቀቶች፣ ልክ ጠቅላላ ድምሩ በቀይ የተከበበበት ጥግ ላይ፣ ክብ ቀዳዳ አላቸው።

«ናይን ኤፍ አሁን ባዮሎጂ ነው ያላቸው። ያለ መምህር ነው የተቀመጡት» አሉኝ ኦቦ ጣሃ። «ወረቀቱን አድላቸው። እየደመሩ ይንገሩህ፣ አንተ ሮስተሩ ላይ ጻፍ። አንድ ክፍለ ጊዜ ነው።»

«እኔ ባርጩማ ነው የማለሰልሰው» አልኳቸው።

«ድምር ነው» አሉና በሁለተኛው በር ገቡ።

ስገባ ስልሳ ምናምን ልጅ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» አሉኝ፤ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔም «ጉድ ሞርኒንግ» አልኩ። ከዚያ ዝም ብለው ቆሙ። እኔም ዝም ብዬ ቆምኩ። ለሟቹ የሚያደርጉት ነገር መስሎኝ ራሴን ዝቅ አደረግኩ። እነሱም ዝቅ አደረጉ። በጣም ከቆየን በኋላ ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ ሰሚራ እንደምትባል ኋላ ነው ያወቅኩት፣ በሹክሹክታ «ተቀመጡ በለን» አለችኝ።

ወረቀቱን እየጠራሁ አደልኩ። አባ ፊጣ፣ አባ ዱራ፣ አባ ቡልጉ። ሁሉም በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ንግግሩ አብዛኛው በኦሮምኛ ነበር፤ እኔ እዚህ በአማርኛ ነው የማስገባው።

«ቲቸር፣ ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው?» አለ አንዱ።

«ኬላ ነው።»

ሌላ አገር ቢሆን ይህን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል። እነሱ የቡና ገበሬ ልጆች ናቸው፤ ወዲያው ገባቸው።

«እንደ ቡናው ደረጃ ስንት ወጣን?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። ነስሩ ከሞተ ድምፅ አውጥቼ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደንግጬ አፌን ያዝኩ።

ድምሩ የጠፋባቸውን በሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ ደመርን። እኔ በሜትር መለካት እችላለሁ፤ በቃል መደመር ግን ይከብደኛል። ሰባት ሲደመር ስምንት ላይ ስቆም ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አሥራ አምስት» ይለኛል። እንዲህ እያልን ሃያውን ጨረስን።

ሃያ አንደኛው ላይ አንድ ቀጭን ልጅ ተነሳ። የእሱ ወረቀት ቀዳዳ የለውም።

«ቲቸር፣ የእኔ ሦስት በልጧል» አለ።

አየሁት። እውነቱን ነው። በየጥያቄው የተሰጠው ነጥብ ሲደመር ከተከበበው ያንሳል። የሚቀጥለውን አየሁ፤ እሱም አይገጥምም። ከዚያ ጽሑፉን ልብ አልኩት። ከላይ የነበሩት ወረቀቶች ላይ የነስሩ ቁጥር ቀጥ ያለ ነው። ወደ ታች በሄድኩ ቁጥር ቁጥሮቹ ይንጋደዳሉ፣ ክቡ አይዘጋም፣ ቀዩ ቀለም መስመር ለቆ ይወርዳል። በትኩሳት ነው የደመረው።

«ልቀንስ?» ብዬ ክፍሉን ጠየቅኩ። መምህር እንዲህ አይጠይቅም ይሆናል።

«እሱ በስህተት ከጨመረ አይቀንስም ነበር» አሉኝ ብዙ ሆነው።

«ማን አለ?»

«እሱ ራሱ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ ይዛችሁ ሂዱ ይለናል።»

እውነት ይሁን የክፍሉ ተንኮል እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ነስሩን ይመስላል። የበለጠለትን ሁሉ ተውኩለት፣ ያነሰበትን ጨመርኩለት። ሮስተሩ በዚያው ቀን አልቋል፣ ካርዱም አርብ ተሰጥቷል። ይህን አሁን የምናገረው የሰሚራን ነገር ከጻፍኩ በኋላ ሌላ መጻፍ ስለማልችል ነው።

ሰሚራ ወረቀቷን ደፍታ ነበር የያዘችው። «ስንት ነው?» ስላት «አርባ ስድስት» አለችኝ። ልጽፍ ስል አብራት የተቀመጠችው ልጅ ተናገረች።

«የእሷም ተሳስቷል ቲቸር። አልናገርም ብላ ነው።»

«ተይ» አለቻት ሰሚራ።

«አምጪው» አልኳት።

«ይሁን፣ ግድ የለም።»

«ለምን ይሁን?»

ወረቀቱን አልሰጠችኝም። «ሟች የጻፈው ነው» አለች። «በእሱ ላይ አይሰረዝም።»

ተቀበልኳት። ደመርኩት። ክፍሉም አብሮኝ ደመረ፤ በዝግታ ነው፣ እንደ ቅድሙ አልጮኸም። ሃምሳ አንድ ነው። አርባ ስድስት መውደቅ ነው፣ ሃምሳ አንድ ማለፍ ነው።

የመጨረሻ ወረቀቶቹ ውስጥ ያለ ነው። አርባ ስድስቱ ውስጥ ያለው አራት ጭራው ረዝሞ ወደ ታች ወርዷል። እስክሪብቶውን ሲከድን ያየሁት በዚህ አካባቢ ይሆናል። በቀን ሃያ ባርጩማ ላይ ያለ ጭረት ፍቄ አጠፋለሁ፤ አንድ ቁጥር ላይ መስመር ማስመር ግን አቃተኝ። ልተወው አሰብኩ። ማንም አይጠይቀኝም፤ ልጅቷ ራሷ ይሁን ብላለች። ግን ይህን ቢያይ ነስሩ ምን ይለኝ እንደነበር አውቃለሁ። መልሰህ እየው ይለኝ ነበር።

ሰረዝኩት። አጠገቡ ሃምሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ከእሱ ቁጥር ጎን የእኔ ቁጥር በጣም ያስጠላል።

«ይቅር በሉት» አልኳቸው። «አልጋ ላይ ሆኖ ነው ያረመው። በጣም አሞት ነበር። ካርዱ በጊዜ እንዲደርስላችሁ ብሎ ነው።»

 ቅድም ስለ ደረጃ የቀለደው ልጅ ከኋላ ተነሳ። ረጅም ነው፣ የለበሰው ሹራብ እጅጌው አጥሮታል።

«እኛ መቼ ሰማን ቲቸር» አለ። «ቢነግረን እኮ እንጠብቀው ነበር።»

ኦቦ ጣሃ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ጠመኔ በእጃቸው ይዘው። ወደ እሳቸው አየሁ፣ እሳቸውም ወደ እኔ አዩ።  የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ።